ገፋ ማድረግ ይፈቀዳል

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ የፒንቦል ማሽን ፊት የቆመ ሰው ነጥብ ወደሚነበብበት መስታወት ቀና ቢል፣ በስተቀኝ ዳር አንዲት የማትነቃነቅ ዜሮ ያያል። ጎረቤቶቿ በትናንሽ መዘውሮች ላይ ተጽፈው ቀጭ ቀጭ እያሉ ይዞራሉ። እሷ ግን በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ከፋብሪካ ስትወጣ ታትማ የቀረች ናት። ኳሷ ነክታ የምታመጣው ትንሹ ነጥብ አሥር ስለሆነ፣ ለአንድ ቤት የተረፈ ሥራ የለም። ሠላሳ ሰባት የሚገባው ሰው 370 ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ማሽን ሠሪዎቹ የሰውን ጠባይ ገና በጠዋቱ አውቀውታል፤ ዜሮ ሲጨመርለት ሀብት የጨመረ ይመስለዋል። በ1990ዎቹማ ነገሩ ለከት አጥቶ ጎበዝ ተጫዋች በቢሊዮን የሚቆጠር ነጥብ ይዞ ይወጣ ጀመር። ገንዘብ ቢሆን ኖሮ የብሔራዊ ባንክ ገዥ የሚያስባርር የዋጋ ንረት ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ነገሩ የፈረንጅ ነውና።)

ፒንቦልን በአካል ላላየ ሰው፦ በአራት እግር የቆመ፣ ላዩ በመስታወት የተከደነ፣ ወደ ተጫዋቹ ዘመም ያለ ሣጥን ነው። ዘመምታው ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። 80 ግራም የምትመዝን የብረት ኳስ በሞላ ተወርውራ ከላይ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ የራሷ ሥራ መውረድ ብቻ ነው። በመንገዷ ላይ ሚስማር፣ ጎማ፣ ደወልና መብራት ተደርድሮ ይጠብቃታል። ታች፣ ከተጫዋቹ ሆድ ትይዩ፣ ፍሊፐር የሚባሉ የጣት ርዝመት ያላቸው ሁለት ክንፎች አሉ። በሣጥኑ ግራና ቀኝ ያሉትን ቁልፎች ሲጫኑ ብድግ ይሉና ኳሷን ወደመጣችበት ይመልሷታል። በሁለቱ መሃል ክፍተት አለ፤ ኳሷ በዚያ ከሾለከች አበቃ። የማሽኑ ዋና ሠራተኛ እንግዲህ የመሬት ስበት ነው። ደመወዝ አይጠይቅም፣ አያረጅም፣ አይሰለችም።

ይህ ሣጥን ዕድሜውን ሙሉ ሲያጨቃጭቅ የኖረው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ኳሷን የሚያዛት እጅ ነው ወይስ ዕድል? ጥያቄው የቡና ላይ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ከንቲባን መዶሻ ያስጨበጠ፣ የከተማ ምክር ቤት ያስቀመጠ ጉዳይ ነው። እኔ እንደማየው ማሽኑ ውስጥ ያለው ብሎንና ሽቦ ሁሉ ከዚህ ጭቅጭቅ የተወለደ ነው። ግማሹ ለተጫዋቹ እጅ ሊሰጠው ገባ፤ ግማሹ የተሰጠውን እጅ ሊያስርበት።

መነሻው ራሱ ውርርድ አለበት። በ1777 የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 16ኛ ወንድም፣ የአርቱዋው ኮንት፣ ከወንድሙ ሚስት ከማሪ አንቷኔት ጋር ተወራረደ፤ ፓሪስ ዳር ባለው ጫካ ውስጥ በሦስት ወር ቤተ መንግሥት ሠርቶ ሊያሳያት። ሠራም፤ ረታም። ቤቱ ባጋቴል ይባላል። ቢሊያርዶ ጠረጴዛን አጥብቦ፣ ቀዳዳና ሚስማር ተክሎ፣ ኳስ በዱላ እየገፉ የሚጫወቱት ጨዋታ ስሙን ያገኘው ከዚያ ቤት ነው ይባላል። የመኳንንት ጨዋታ ነበር፤ እነሱ ጊዜም ሳንቲምም አያጥራቸውም።

ዱላውን ያስቀረው ሞንታግ ሬድግሬቭ የሚባል፣ ከእንግሊዝ ተነሥቶ አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ከተማ የከተመ ሰው ነው። በ1871 ባወጣው የፈጠራ መብት በዱላው ቦታ በሞላ የሚሠራ መወርወሪያ ዘንግ ገባ። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም። ዱላ የያዘ ሰው ያነጣጥራል። ዘንግ የሚስብ ሰው ምን ያህል ልሳብ ብሎ ይወስናል፤ ከለቀቀ በኋላ ተመልካች ነው። የሬድግሬቭ ሞላ ጨዋታውን አሳጠረው፣ አረከሰው፣ በየሱቁ ባንኮኒ ላይ ሊቀመጥ የሚችል አደረገው፤ ከተጫዋቹ እጅ ግን ብዙ ነገር ወሰደ። ያቺ ዘንግ ከመቶ ዓመት በኋላ የምትሠራው ጉድ ስላለ አንባቢ በልቡ ይያዛት።

ከዚያ እስከ 1931 ያለውን ዘልዬዋለሁ። በዚያ ዓመት አሜሪካ ሥራ አጥ ሞልቶባት ነበር። ቺካጎ ውስጥ ዴቪድ ጎትሊብ የሚባል ነጋዴ ባፍል ቦል የሚባል የጠረጴዛ ላይ ማሽን አወጣ። ዋጋው 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም፤ ለተጫዋቹ አንዲት ሳንቲም ብቻ። በሳንቲሟ አምስት ወይም ሰባት ኳስ ይሰጣል። ኤሌክትሪክ የለው፣ መብራት የለው፣ ነጥብ እንኳ አይደምርም፤ ተጫዋቹ ራሱ ጎንበስ ብሎ ይቆጥራል። ሂሳቡን ብናሰላው 1,750 ሰው አንድ አንድ ጊዜ ቢጫወትበት ባለሱቁ ያወጣውን መልሶ ይይዛል። ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ ጊዜ እንጂ ምን ያጥረዋል? 50,000 ያህል ተሸጠ። ማሽኑን ከጎትሊብ እየገዛ ያከፋፍል የነበረው ሬይመንድ ሞሎኒ በበኩሉ የሚፈልገውን ያህል አልደርስ ቢለው እልህ ያዘውና ባሊሁ የሚባል የራሱን ሠራ። እሱም 50,000 ገደማ ተሸጠለትና ድርጅቱን ከማሽኑ ስም ቆርሶ ባሊ አለው። ቺካጎ የፒንቦል አገር ሆና የቀረችው እንዲህ ነው።

አሁን ወደምወዳት ነገር ደረስኩ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃሪ ዊሊያምስ የሚባል ወጣት መሐንዲስ በ1932 አድቫንስ የተባለ ማሽን ሠራ። ኳሷ በትክክለኛው ጉልበት ከተወረወረች ብቻ የምትገባባቸው ስስ በሮች ነበሩት። ዊሊያምስ በኋላ እንደተረከው፣ አንድ ቀን ማሽኑ የተቀመጠበት ሱቅ ሲገባ አንዱ ተጫዋች በመዳፉ የሣጥኑን ሆድ ከሥር ደለቅ ሲያደርግ አየ። ኳሷ እንደታዘዘች በሩን አልፋ ገባች። ያን ሁሉ የለፋበትን ጥበብ አንድ ጥፊ ሲያሸንፈው ማየት ከባድ ነው። ዊሊያምስም ማሽኑን ወስዶ ከውስጥ ወደ ታች ሚስማር መታበት፤ ሾሉ በሣጥኑ ሆድ ሥር ወጣ። ደግሞ የሚደልቅ ይደልቅ!

ንዴቱ ሲበርድለት ነገሩ ሰው የሚያቆስል መሆኑን አየና ተወው። በሚስማሩ ፈንታ አንዲት ትንሽ ኳስ በጠባብ መቆሚያ ላይ አስቀመጠ፤ ማሽኑ ሲነቀነቅ ኳሷ ትወድቃለች፣ ሌብነቱ ይታወቃል። ከዚያ ነገሩ እየተሻሻለ ሄዶ ዛሬም ድረስ ያለው ተንጠልጣይ ክብደት መጣ። የሣጥኑን ፊት ከፍቶ ወደ ውስጥ የተመለከተ ሰው በግራ በኩል ያገኘዋል። ከመንጠቆ ላይ ቀጭን የብረት ዘንግ ተንጠልጥሏል። ዘንጉ ላይ ሾጣጣ ክብደት አለ፤ ከዙሪያው ደግሞ የማይነካው የብረት ቀለበት። ሣጥኑ ሲነቀነቅ ክብደቱ ይወዛወዛል። ቀለበቱን ከነካ ኤሌክትሪኩ ይገናኛል፤ ያን ጊዜ ፍሊፐሮቹ ይሞታሉ፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ኳሷም ማንም ሳያስቆማት ቁልቁል ትሄዳለች። በድሮዎቹ ላይ ጨዋታው በሙሉ ያልቅ ነበር፤ የኋለኞቹ አንድ ሁለቴ አስጠንቅቀው አንዷን ኳስ ብቻ ይወስዳሉ። በዚያ ቀለበትና በዚያ ክብደት መካከል ያለው አየር ከአንድ ሳንቲሜትር አይበልጥም። የማሽኑ ሕግ በሙሉ ያለው እዚያ አየር ውስጥ ነው።

ልብ አድርጉ፤ ዊሊያምስ መነቅነቅን አልከለከለም። ሊከለክል ቢፈልግ ሣጥኑን ከወለሉ ጋር በብሎን ያስረው ነበር። ያደረገው ልክ ማበጀት ነው። ክብደቱን ዘንጉ ላይ ከፍ ዝቅ በማድረግ ባለቤቱ ሆደ ሰፊ ወይም ሆደ ጠባብ መሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ጆተኒ ሲጫወት ያደገ ሰው ይህን ለማስረዳት አያስቸግርም፤ ኳሷ መሃል ላይ ከበረኛውም ከአጥቂውም ርቃ ስትቆም ጠረጴዛውን በጉልበት ነካ አድርጎ ወደ ሰማይ ማየት የታወቀ ነው። ልዩነቱ እዚያ የሚዳኘው የባላጋራ ጩኸት ነው፤ እዚህ የምትዳኘው ተንጠልጣይ ብረት። ጎበዝ የፒንቦል ተጫዋች ማለት ደግሞ የማይነካ ማለት አይደለም። ኳሷ ወደ ጎን መውጫው ስታመራ በመዳፉ ግፊት የምታርፍበትን ጎማ በስንዝር ሽርፍራፊ የሚያንቀሳቅስ ነው። ውድድር ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ይጨበጨብለታል። ያለፈቃድ የተጀመረው ነገር ችሎታ ተብሎ ተመዘገበ።

ዊሊያምስ በዚህ አላበቃም። በ1933 ኮንታክት የሚባለውን ማሽን አወጣ። ውስጡ ደረቅ ባትሪ ነበረው። ኳሷ ከአንዱ ቀዳዳ ስትገባ ኤሌክትሮማግኔት ተመልሳ እንድትወጣ ይመታታል፤ ደወልም ይደወላል። እስከዚያ ድረስ ቀዳዳ ማለት መቃብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መግቢያም መውጫም ሆነ። ድምፁን አቅልላችሁ አትዩት። ደወል የሌለው ማሽን ተጫዋቹን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ደወል ያለው አላፊ አግዳሚውን ይጠራል።

ክፋቱ፣ ኤሌክትሪኩ ሳንቲምም መትፋት ቻለ። በዚያው በ1933 ባሊ ላሸነፈ ሰው ገንዘብ የሚከፍል ሮኬት የሚባል ማሽን አወጣ። የማይከፍሉትም ነጻ ጨዋታ ይሰጡ ነበር፤ ነጻ ጨዋታውን ደግሞ አንዳንዱ ባለሱቅ ከባንኮኒ ሥር በጥሬ ገንዘብ ይለውጠው ነበር። ይሄኔ ነገሩ የፖሊስ ጉዳይ ሆነ።

የኒውዮርኩ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ ቁመቱ አጭር፣ ቁጣው ረጅም ሰው ነበር። በ1934፣ ሥልጣን በያዘ ማግስት፣ የቁማር ማሽኖችን በመዶሻ እየቀጠቀጠ ባሕር ውስጥ አስጥሏል። ፒንቦል ላይ የዞረው በጥር 1942 ነው፤ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከመታች ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ። ልጆች ለምሳ የተሰጣቸውን ሳንቲም ይህ ሣጥን ይበላዋል አለ፤ ብረቱም መዳቡም ለጦርነቱ ያስፈልጋል ተባለ። ፖሊስ በየሱቁ እየዞረ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን ሰበሰበ። ከንቲባው ትልቅ መዶሻ ይዞ የተነሣው ፎቶግራፍ ዛሬም ይታያል። የእንጨት እግሮቻቸው ተጠርበው የፖሊስ ዱላ ሆኑ ይባላል።

እውነቱን ለመናገር፣ ላጓርዲያ ሙሉ በሙሉ ተሳስቶ ነበር ለማለት አፌ አይደፍርም። እሱ የሰባበረው ማሽን ፍሊፐር አልነበረውም። እደግመዋለሁ፤ በ1942 ፍሊፐር የሚባል ነገር አልተፈጠረም። ዘንግ ስቦ ከለቀቀ በኋላ ሣጥኑን ከመነቅነቅ በቀር ተጫዋቹ የሚያደርገው አልነበረውም። ዕድል ነው ያለው ሰው ከእውነቱ የራቀ አይደለም። ጥፋቱ ሌላ ነው፤ ማሽኑ ሲለወጥ ሕጉ ሳይለወጥ 34 ዓመት መቆየቱ።

ለውጡ የመጣው በ1947 ነው። የጎትሊብ ሠራተኛ የነበረው ሃሪ ማብስ ሃምፕቲ ደምፕቲ የተባለ ማሽን ላይ ስድስት ፍሊፐር ገጠመ፤ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት። ጉልበታቸው ደካማ ስለነበር ኳሷን ከታች እስከ ላይ እየተቀባበሉ ነበር የሚያደርሷት። ቢሆንም ከሬድግሬቭ ሞላ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሷ ከተወረወረች በኋላ ተጫዋቹ ከመነቅነቅ ሌላ ሥራ አገኘ።

ስድስቱን ወደ ሁለት ያወረዳቸው ስቲቭ ኮርዴክ ነው። የሰውዬው ታሪክ ራሱ የፒንቦል ኳስ ይመስላል። በ1937 ቺካጎ መንገድ ላይ ሲሄድ ዶፍ ጣለበት፤ ሊጠለል አንድ ሕንጻ ውስጥ ገባ። እንግዳ ተቀባይዋ ሥራ ፈልገህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ሕንጻው የጄንኮ የፒንቦል ፋብሪካ ነበር። በሰዓት 45 ሳንቲም ሽቦ እየበየደ ጀመረ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1948 መጀመሪያ ለሚካሄደው የንግድ ትርኢት የሚቀርብ ማሽን እንዲነድፍ ዕድሉ ደረሰው። ትሪፕል አክሽን ይባላል። ኮርዴክ ጉልበት የጨመረላቸውን ሁለት ፍሊፐሮች ከታች አስቀመጠ። ስድስት ለምን አላደረግህም ሲባል የሚሰጠው መልስ ቁጠባ ነበር፤ በሁለት የሚሠራ ከሆነ ለስድስት ለምን ይከፈላል? የገዘፈ ፍልስፍና የለበትም፤ የአራት ኤሌክትሮማግኔት ዋጋ ማትረፍ ነው። ሌሎቹ ፋብሪካዎች ሁሉ ተከተሉት። ከመቶ በላይ ማሽን ነድፎ፣ 100 ዓመት ኖሮ በ2012 አረፈ። ያን ቀን ዣንጥላ ይዞ ቢወጣ ኖሮ ማን ያውቃል።

ሁለት ፍሊፐር ማለት ደግሞ አንድ ክፍተት ማለት ነው። እጅ የሰጠው ሰው በዚያው መሃል ላይ በር ተወለት።

ፍሊፐር ከመጣ በኋላ ማሽኑ የችሎታ ነው ብሎ መከራከር ቀለለ፤ ግን ነጻ ጨዋታ የሚሉት ነገር እሾህ ሆኖ ቀረ። በብዙ ቦታ ሕጉ ነጻ ጨዋታን እንደ ገንዘብ ሽልማት ያየው ነበር። በ1960 ጎትሊብ ፍሊፐር ብሎ በሰየመው ማሽን መላ መታ፤ ለአሸናፊው ነጻ ጨዋታ ሳይሆን ተጨማሪ ኳስ መስጠት። ጨዋታው ረዘመ እንጂ ሽልማት አልተሰጠም ነው ነገሩ። ነጻ ጨዋታ ለማይፈቀድባት ለጣሊያን ገበያ ደግሞ ባለ ተጨማሪ ኳስ ማሽኖች ተለይተው ይሠሩ ነበር። ሕግና ብልሃት ሲሯሯጡ የሚያገኝ ሦስተኛ ወገን አለ፤ ጥገና የሚሠራው ቴክኒሻን። ለአንዱ ጨዋታ ሁለት ዓይነት ሽቦ ማወቅ ነበረበት።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ወደዚያች ሥራ ፈት ዜሮ ልመለስ። ጨዋታው ሲያልቅ ማሽኑ በራሱ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ከነጥቡ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ጋር ከተገጣጠመ ነጻ ጨዋታ ይሰጣል። የመጨረሻዋ ሁልጊዜ ዜሮ ስለሆነች ሊወጣ የሚችለው ቁጥር አሥር ብቻ ነው። ስለዚህ ከአሥር ሰው አንዱ በድንገት ያሸንፋል፤ መጥፎ ተጫዋችም ቢሆን፣ ሲያዛጋ የዋለም ቢሆን። ያን ጊዜ ሣጥኑ ውስጥ ያለ መዶሻ እንጨቱን ጧ! ያደርገዋል። ቡና ቤቱ ሙሉ ዘወር ይላል። ችሎታ ነው ብሎ ለዳኛ የሚምለው ማሽን መውጫው በር ላይ ሎተሪ ያዞራል። ይህችን ቅሌት እወድለታለሁ።

በ1969 ዘ ሁ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ቶሚ የሚል የሙዚቃ ሥራ ሲያወጣ፣ ዋናው ባለታሪክ ማየትም መስማትም የማይችል የፒንቦል ሻምፒዮን ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ ዘፈኑ በየሬዲዮው ይሰማል፤ ማሽኑን የሚፈልግ ሰው ግን በየጓዳው ይፈልጋል። ነገሩ መላ የተገኘለት በ1976 ነው። የማሽን ነጋዴዎቹ የከተማው ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ምስክር አቀረቡ፤ ሮጀር ሻርፕ የሚባል ወጣት የመጽሔት ጸሐፊ። ሁለት ማሽን ተሸክመው ገቡ፤ አንዱ ዋና፣ አንዱ ምናልባት ከተበላሸ ተብሎ። ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ ዋናውን ጠረጠረውና ያኛውን ተጫወትበት አለው። ሻርፕ ያልተለማመደበት ላይ ቆመ። ካሜራ እያየው ይጫወታል፤ ኮሚቴው ፊቱን እንደቋጠረ ነው።

ሻርፕ ያደረገውን አንባቢ በሙሉ ልቡ ያድምጥ። ይህችን ኳስ ከላይ ካሉት መንገዶች በመካከለኛው አሳልፋታለሁ አለ። በፍሊፐር አይደለም። በዘንጓ፣ ከ1871 ጀምሮ የነበረችው ዘንግ። ሳበ፣ ለቀቀ። ኳሷ ወጣች፣ ተንከባለለች፣ በመካከለኛው መንገድ ወረደች። ኮሚቴው 6 ለ0 ፒንቦል የችሎታ ጨዋታ ነው ብሎ ወሰነ። ፍሊፐር ያመጣው ክርክር ያሸነፈው ፍሊፐር ባልነካው ኳስ ነው። ሻርፕ ራሱ በኋላ ሲጠየቅ ዕድል ነው አለ።

ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ፍርድ የለም። እጅ ወይስ ዕድል ብሎ የጠየቀው ምክር ቤት መልሱን ከዕድል እጅ ተቀበለ።

የቀረውን በሩጫ ልንገር። ኤሌክትሮኒክስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲገባ ቀጭ ቀጭታው ቀርቶ ቁጥሩ በመብራት መጻፍ ጀመረ። በ1979 ጎርጋር የተባለ ማሽን መናገር ጀመረ፤ የሚያውቀው ሰባት ቃል ብቻ ነው፤ ብዙ ባለሥልጣን በዚያ ያህል ይሠራል። በዚያው ዘመን ስፔስ ኢንቬደርስና ፓክማን የሚባሉ የቪዲዮ ጨዋታዎች መጡና ሳንቲሙን ወሰዱት። የሚገርመው ወሳጁ ባዕድ አለመሆኑ ነው። በሃሪ ዊሊያምስ ስም ለሚጠራው ፋብሪካ ፋየርፓወር የተባለውን ፒንቦል ፕሮግራም የጻፈው ዩጂን ጃርቪስ ጥቂት ቆይቶ ለዚያው ፋብሪካ ዲፌንደር የሚባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ሠራ። ጎትሊብ ለኮሎምቢያ ፒክቸርስ ተሸጦ ስለነበር፣ ኮካ ኮላ በ1982 ኮሎምቢያን ሲገዛ የፒንቦል ፋብሪካ ባለቤት ሆኖ ተገኘ። ለስላሳ መጠጥ ሻጩ ብዙም አልቆየበት።

አንድ ማሽን ላይ ግን ቆም እላለሁ፤ የ1992ቱ አዳምስ ፋሚሊ። ፓት ሎውለር የነደፈው፣ 20,270 የተሸጠ፣ በኋለኛው ዘመን የሚስተካከለው ያልተገኘ። ከሜዳው ሥር ማግኔቶች ተቀብረዋል። አንዳንዴ ይነሡና ኳሷን ካሰበችበት ያስቷታል፤ ዕድልን በኤሌክትሪክ መሥራት ይሏል ይህ ነው። ከአንድ ሣጥን ውስጥ ደግሞ የተቆረጠ እጅ ይወጣና ኳሷን በማግኔት አንሥቶ ይገባል። ይባስ ብሎ ማሽኑ አንዳንዴ በራሱ ፍሊፐር ይመታል። ከሳተ ቀደም ብዬ ነው ወይስ ዘግይቼ ብሎ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ በሚቀጥለው ይሻሻላል። ተጫዋቹ እጁን ከቁልፉ ላይ አንሥቶ ማሽኑ ከሱ በተሻለ ሲመታ ያያል። ከዚያ ስድሳ ዓመት በፊት በመዳፍ ሲደለቅ የነበረው ሣጥን የራሱን እጅ አበቀለ።

ከዚያ ቁልቁለቱ ፈጣን ነው። በ1999 ዊሊያምስ የፒንቦል ፋብሪካውን ዘጋ፤ ባለቤቱ ኩባንያ ግን አልከሰረም፤ የካዚኖ የቁማር ማሽን እየሠራ ቀጠለ። ባሊም ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ የራሱን ካዚኖ ከፍቶ ነበር። ላጓርዲያ ቁማር ነው ሲል አይደለም እያሉ የተሟገቱት ስሞች መጨረሻ ላይ የተገኙት ቁማር ቤት ነው። ከንቲባው ቢሰማ አላልኳችሁም ነበር የሚለው። ለተወሰኑ ዓመታት የቀረው አንድ ትልቅ ፋብሪካ፣ ቺካጎ አጠገብ ያለው ስተርን ብቻ ነበር። አሁን ሌሎችም አሉ፤ ከ2011 ጀምሮ ጀርሲ ጃክ የሚባል ተጨምሯል። ማሽኖቹ የኮምፒውተር ስክሪን አላቸው፣ ከኢንተርኔት ይገናኛሉ፣ ዋጋቸው የመኪና ነው። በብዙዎቹ ሣጥን ውስጥ ግን ያ ተንጠልጣይ ክብደት እስከ ዛሬ አለ። ከርካሽ ስልክ እንኳ የሚገኝ የእንቅስቃሴ መለኪያ ባለበት ዘመን፣ ብረት በዘንግ ላይ ማንጠልጠል የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን የምታነቡ፣ ላስ ቬጋስ የምትኖሩ ወይም ለዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ ብዙ ናችሁ። እዚያ ከካዚኖዎቹ ብዙም ሳይርቅ ፒንቦል ሆል ኦፍ ፌም የሚባል ቤት አለ፤ ሙዚየም ነው፣ ግን ማሽኖቹ በገመድ አልታጠሩም፤ ሳንቲም ከትቶ የድሮውንም የአሁኑንም መጫወት ይቻላል። ከሄዳችሁ ከሚጮኸው አዲስ ማሽን አትጀምሩ፤ ከ1960ዎቹ አንዱን ምረጡ። ኳሷ ስትወርድ ወዲያው አትምቷት፤ አንዱን ፍሊፐር አንሥታችሁ ያዟት፣ ትረፍ፣ ከዚያ አነጣጥሩ። በመዳፋችሁ ገፋ አድርጉት፣ አይሰበርም። ከሁሉ በላይ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ አትጫኑ፤ ሁለቱ ክንፎች አብረው ሲነሡ መሃል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ኳሷም የምትሄደው በዚያ ነው።